ኮንትራት

ከጠዋቱ ሁለት፣ አርጎስቶሊ ወደብ፣
መርከቧ ቆመችና ሆዷን ከፈተች ለሕዝብ።
ሦስት ሺህ ኮፍያ ወረደ በደረጃ፣
ደረቱ ላይ ቁጥር፣ በእጁ ላይ ማስረጃ፤
ባንዲራ ተከትሎ ወደ አውቶቡስ ነጎደ።
የእኔና የትርንጎ እግር ወደ ታክሲ ሄደ።

ከተራው መጨረሻ አንድ አሮጌ መርሰዲስ፤
ባለቤቱ ሽበታም፣ ስሙም ፓናጊስ።
መቁጠሪያ ያሽከረክራል፣ ጠጠሩ ይንቃጨላል።
«ለጸሎት ነው?» አልኩት።
«ለሲጋራ» ይለኛል፣
«ከተውኩ ሰባት ዓመት ሆነኝ፤ ጣቴ ግን አልሰማም።»
ትርንጎ ሒሳብ ሳይቋጭ ከሰው ጋር አትስማማም።

መርካቶ ነው ያደገች፣ ሸማ ተራ ጥግ፤
«ደሴቱን በሙሉ በስንት?» አለችው፣ ፈገግ።
«መቶ ሃያ ዩሮ።» «ሰማንያ።» እሱ ሰማዩን አየ፣
እሷ መርከቧን አየች። ዝምታው ትንሽ ቆየ።
ዘጠና አምስት ላይ የኋላው በር ተከፈተ፤
ሞተሩ ሁለት ጊዜ ስሎ ተጎተተ።

«ስምንት ተኩል መልሰን» አልኩት እኔ ረስቼ፣
የአገሬን ሰዓት ባሕር አሻግሬ አምጥቼ።
ፍሬን ያዘ። «ስምንት ተኩል? እሱማ አለፈ!»
የትርንጎ ሳቅ ለመንገደኛም ተረፈ።

መጀመሪያ የቆምነው ባሕሩ ዳር፣ አለቱ ላይ።
«እዚያ እዩ» አለን። ምን እንደሚታይ
ሳይገባን ጎንበስ አልን። ባሕሩ ወደ ምድር
ይፈሳል፤ አዎ፣ ባሕሩ፤ ከስንጥቁ ሥር
ሹልክ ይላል ዝም ብሎ፣ ማንም ሳይጠራው፣
ባለ ዕዳ ሰው ጠጅ ቤት በጓሮ እንደሚገባው።
«በደሴቱ ሆድ ውስጥ በጨለማ ይሄዳል፤
ሁለት ሳምንት ቆይቶ በዚያ ማዶ ይወጣል፣
ሳሚ አጠገብ። የተማሩት ቀለም ጨምረው አይተዋል።»
«እኛስ በስንት እንደርሳለን?»
«በአርባ ደቂቃ፣ ፍየሎቹ ከፈቀዱ።»

አልፈቀዱም። ተራራው ወገብ ላይ መንገዱ መሐል ወረዱ።
ፓናጊስ ጥሩምባ አልነፋም፤ ወርዶ ለመናቸው፣
እንደ ጎረቤት ልጆች በየስማቸው ጠራቸው።

ከዚያ ሳይጠይቀን ከአስፋልቱ ወጣ።
«ይሄ በኮንትራቱ የለም!» ትርንጎ በቁጣ።
«ይሄ የእኔ ነው» አለ፤ ሞተሩን አጠፋ።
ጣሪያ የሌለው ቤት፣ ደጃፉ የጠፋ፣
መስኮቱን ባሕር የሞላው፣ ወለሉን ሣር የበላው፤
ከጎኑ ሌላ፣ ሌላ፤ መንደሩ በሙሉ ይኸው።

«ነሐሴ ነበር» አለን፣ «ምድር ስትናወጥ፤
እናቴ እኔን አርግዛ አማራት ኮምጣጣ መግመጥ።
ልትቆርጥ ጓሮ ወጣች። ቤቱ ከኋላዋ ተናደ።»
ሌላ አልጨመረበትም። ጄሪካን አወረደ፣
ከግንቡ ሥር ያለችውን አንዲት ዛፍ አጠጣት፤
በየሳምንቱ ነው አሉ፣ እንዲህ የሚመጣላት።

አንድ ፍሬ ቀጠፈ፣ ቢጫ፣ ጡጫ የምታህል፣
ፊቷ የተጨማደደ፣ ሽታዋ ግን እንደ ስለት የሚስል።
«ኪትሮ» አለ።
ትርንጎ ዝም ብላ አየቻት።
«እኔ ነኝ» አለች።
«ምን?»
«ይቺ። ስሜ ናት።
ትርንጎ።»
«ት፣ ሪን፣ ጎ» አለ፣ ምላሱን እየሞከረ፤
መቁጠሪያው በጣቱ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ሳሚን ያየናት በመስታወት፣ በሩጫ ነው፤ ሰዓት አለቀ።
ውሃው የሚወጣበት ጋ ማናችንም አልዘለቀ።
ዘጠና አምስቱን ግን ፓናጊስ ሁለቴ ቆጠረ፣
አንድ ዩሮ አልቀነሰልንም። እጁን አውለብልቦ በረረ።

መርከቧ በር ላይ ዘበኛው፣ «ስም?»
«ትርንጎ።»
«ቦርሳው ውስጥስ?»
«ትርንጎ።»
«ስምሽን አይደለም፣ ዕቃውን!» አለ ተኮሳትሮ።
ፍሬ መርከብ አይገባም፣ ደንብ ነው፤ በርሜሉ ያው፤ ጣዪው።
አልጣለቻትም። እዚያው ቆማ ከነልጣጯ ገመጠቻት፣
ሰልፉ ከኋላችን እየረዘመ፣ ዓይኗ ከኮምጣጣው እያነባ፤
ግማሿን ለእኔ ሰጠችኝ።

ማታ ደሴቷ መብራት ብቻ ሆና ስትቀር
ትርንጎ ሐዲዱን ተደግፋ ጣቷን ታሸታለች።
«ጠዋት የገባው ውሃ» አለችኝ፣
«አስራ ሦስት ቀን ይቀረዋል።»